ስለ እንግሊዝኛ ቃልና ስለ ራሴላስ መጽሐፍ

ከጡረታ በኋላ አያት በሚባለው የአዲስ አበባ ምሥራቅ ሰፈር፣ በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አያት ሆኜ እኖራለሁ። የሰፈሩ ስምና የእኔ ማዕርግ አንድ መሆኑ ለጎረቤቶቼ ቀልድ ሆኖላቸዋል። ከእኔ ጋር የምትኖረው የልጄ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ከእራት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ እስቲ ይጠይቁኝ፤ ሁሉንም አጥንቻቸዋለሁ» አለችኝ። በስልኩ ውስጥ አምስት መቶ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት አንድ አንድ የአማርኛ ቃል እየተጻፈ፣ እንደ ወታደር ሰልፍ ተደርድረዋል። እኔ እንግሊዝኛውን ስጠራ እርስዋ አማርኛውን ትመልሳለች። ሠላሳ ያህል ጠየቅኋት፤ አንዱንም አልሳተችም።

ከዚህ በኋላ፣ «እንግዲህ ከነዚህ አንዱን ውሰጅና ስለ ዛሬ ውሎሽ ተናገሪበት» አልኋት። ዝም አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «አባባ፣ ዐረፍተ ነገር እኮ አይደለም፤ ቃል ነው ያጠናሁት» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ዝምታ እኔ ዐውቀዋለሁ። ተማሪ ሆኜ ዝም ብየበታለሁ፤ መምህር ሆኜም ሌላውን ዝም አሰኝቼበታለሁ። ይህን ድርሰት ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው በአንድ ቀን አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የበላይነቱን ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ ግን፣ እንግሊዞች ጣልያንን ለማስወጣት ረድተው ስለ ገቡ፣ የትምህርቱ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ፤ መጽሐፉም መምህሩም ከዚያ ወገን መጣ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ ተብለው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት የአንደኛ ደረጃው ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ መልካም ውሳኔ ነበር፤ ነገር ግን የእኔን ዕድሜ ልጆች አንድ ገደል አፋፍ ላይ አቆመን። እስከ ስድስተኛ ክፍል ታሪኩንም ሒሳቡንም በአማርኛ ስንማር ቆይተን፣ በ1963 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነብን። ትናንት የምናውቀው ዓባይ ዛሬ በሌላ ስም ሲጠራ ሰማነው።

እኔ የተማርሁት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑ ደጎች፣ ትጉሆችም ነበሩ፤ ለጽዳትና ለሰዓት አክባሪነት የተከፈለልኝን ዋጋ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእንግሊዝኛው መምህራችን ግን አንድ እምነት ነበራቸው። ሰኞ ሰኞ ሃያ ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ዓርብ ይጠይቃሉ፤ ለሳትነው ቃል ሁሉ በማስመሪያ አንድ አንድ ጊዜ መዳፋችንን ይመቱናል። ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ በደስታ ይሁን በኀዘን፣ አናውቅም። ሃያ ወላጅ አልባ ቃላት በሳምንት እናሳድግ ነበር።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ያለ ፈቃድ ወንዝ ወርጄ ስዋኝ ተያዝሁና፣ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የይቅርታ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ልጽፍ የፈለግሁት «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» የሚል ነበር። ከዝርዝሬ ውስጥ «አጠፋ» የሚለውን ብፈልግ «ኤክስቲንጉዊሽ» የሚል ረዥም፣ ግርማ ያለው ቃል አገኘሁ። ይህን የመሰለ ትልቅ ቃል ቁጣቸውን ሳያበርድልኝ አይቀርም ብዬ ጻፍሁት። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አንብበው ኮታቸውን ሳይለብሱ ወጡና፣ «ምኑን ነው ያጠፋኸው? ጄነሬተሩን ነው?» እያሉ ወደ ሞተሩ ቤት ሮጡ። በአማርኛ መብራትም ይጠፋል፤ ሰውም ያጠፋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ያ ቃል የሚያጠፋው እሳትንና መብራትን እንጂ ወንዝ የወረደን ልጅ ጥፋት እንደማይናገር ዝርዝሩ አልነገረኝም። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መጻፍ ፈራሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ሽፋኑ የለቀቀ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። ያነሣሁት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም፤ በፊተኛው ገጽ ላይ «አቢሲኒያ» የሚል አይቼ ነው። መጽሐፉ የአቢሲኒያው ልዑል የራሴላስ ታሪክ ነበር።

ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ገና ወጣት ሳለ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1735 አሳትሞት ነበር፤ የመጀመሪያ መጽሐፉም ይኸው ነው። ሲተረጕመውም ስንፍና ተጫጭኖት አልጋው ላይ ተጋድሞ እየተናገረ ወዳጁ ይጽፍለት ነበር ይባላል፤ ዋጋውም አምስት ጊኒ ነበር። ሊቃውንት እንደሚሉት ራሴላስ የሚለው ስም የንጉሠ ነገሥቱ ወንድም ከሆኑት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ ነው፤ ፈረንጆቹ ማዕርጉንና ስሙን አንድ ላይ ሰፍተውት ነው።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1759 በጥር ወር፣ የጆንሰን እናት ሞተች። ለቀብሯና ለጥቂት ዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ ራሴላስን ጽፎ ለአሳታሚዎቹ በ100 ፓውንድ ሸጠው። እናቱን ለመቅበር ሲል የኢትዮጵያን ልዑል ታሪክ የጻፈውን ይህን ሰው፣ የእናት ኀዘን ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደ ዘመድ ሊያየው ይገባል እላለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የነገሥታቱ ልጆች በዐምሐራ ምድር፣ በተራራ በተከበበና በብረት በር በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ፣ ምንም ሳይጐድልባቸው ይኖራሉ። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው ግሸን አምባን ማሰቡ አይቀርም። እውነተኛው እስር ቤት ግን ሸለቆ ሳይሆን የተራራ ራስ ነበር፤ የነበሩበት መሳፍንትም ደስተኞች እንደ ነበሩ ታሪክ አይናገርም። በልብ ወለዱ ውስጥ ራሴላስ ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ልቡ ባዶ ይሆንበታል። ከሸለቆው ወጥቶ ዓለምን ስለ ማየት እያለመ ሃያ ወር ያሳልፋል፤ ከዚያም ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ማጥፋቱ ሲገባው፣ ከእንግዲህ ጊዜ አላጠፋም እያለ በመወሰን ብቻ ደግሞ አራት ወር ያጠፋል። በዚህ ስፍራ ብቻዬን በሳቅ ፈነዳሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አንብቤ ማንም ሳይተረጕምልኝ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ክንፍ ሠርቶ ሊበር ሲል ሐይቅ ውስጥ የወደቀውን ብልኃተኛ፣ ተራራውን ሰርስረው ከእኅቱ ከኔካያህና ከአማካሪው ከኢምላክ ጋር ወደ ካይሮ ማምለጣቸውን ሁሉ በሦስት ሳምንት ጨረስሁት። ከቃላቱ እኩሌታውን አላውቃቸውም ነበር፤ ነገር ግን ልዑሉ ያመልጥ አያመልጥ እንደ ሆነ ለማወቅ ስል እየዘለልሁ አለፍሁ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጆንሰን የታወቀው ከሁሉ በላይ በ1755 ባሳተመው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት የፈጀ፣ ከ42 ሺህ በላይ ቃላት የያዘ ሥራ ነው። ይህን መዝገበ ቃላት እንዴት ሠራው? ተቀምጦ ቃል ከራሱ እያወጣ አልደረደረም። የታላላቅ ጸሐፊዎችን መጻሕፍት ከወዳጆቹም ሳይቀር እየተዋሰ አነበበ፤ ደኅና ሆኖ የተነገረ ቃል ባገኘ ቍጥር በእርሳስ አሰመረበት፤ ስድስት ረዳቶቹ ያንን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ገለበጡት። መጽሐፋቸውን ያዋሱት ሰዎች ተበላሽቶ ተመልሶላቸው አዝነው እንደ ነበር ተጽፏል። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከትርጓሜው ቀጥሎ ከ110 ሺህ በላይ ጥቅሶች የገቡትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ መዝገበ ቃላትን የሠራው ሰው ራሱ ቃሉን የለቀመው ከመጻሕፍት ማሳ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን እህሉን ትተን የጎተራውን ቍልፍ ስንቈጥር ኖርን። በአገራችንም የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ሲታተም፣ በዚያው ዓመት ቮልፍ ሌስላው ቃሉን ሁሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያሳይ ሌላ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። ይህ ሰው የተማሪን ችግር ያወቀ ሰው ነው።

በራሴላስ ውስጥ ቃል እንዴት እንደሚያዝ አንድ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። «ፈሊሲቲ» የሚለው ቃል ከሰኞ ሃያዎቼ አንዱ ነበር፤ በዝርዝሬ ትርጓሜው «ደስታ» ነው። «ሃፒነስ» የሚለውም ትርጓሜው «ደስታ» ነው። ታዲያ ሁለት ቃል ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም ነበር። መጽሐፉን ሳነብ ግን ይህ ፈሊሲቲ የተባለው ነገር ልጅ ከረሜላ ሲያገኝ የሚሰማው ስሜት አይደለም፤ ጠቢባን የሚከራከሩበት፣ ልዑሉ እስከ ግብፅ ድረስ የሚፈልገውና የማያገኘው ከፍ ያለ ነገር ነው። ያን ጊዜ የእናቴ አባት ትዝ አሉኝ። የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ደስታን፣ ተድላን፣ ፍሥሐንና ሐሴትን በአንድ ሚዛን አይመዝኑም። ደስታ የገበያ ቃል ነው፤ ሐሴት ግን የበዓል ልብስ ለብሶ ይመጣል። ለካ ለእንግሊዝኛ ላቲን ማለት ለአማርኛ ግእዝ ማለት ኖሯል! ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያንና በሊቃውንት በኩል የገባው ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ እንደ ካባ ተደርቧል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከባድ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል አላስፈራኝም፤ የአገሬን የካህናት አነጋገር ሰምቼ ያደግሁ ልጅ ነኝና።

ሁለተኛው «ክሬዱሊቲ» የሚለው ነው። ዝርዝሩ «እምነት» ቢለኝ ኖሮ በጸሎት ቤት እመሰክርበት ነበር፤ አዋርዶኝም ይቀር ነበር። መጽሐፉ ግን ገና ሲከፈት፣ ተስፋና ምኞት የሚያንሾካሹክላቸውን ሁሉ ሳይመረምሩ የሚቀበሉትን ሰዎች ሲመክር ይህን ቃል ያገኘዋል። ስለዚህ ቃሉ እምነትን ሳይሆን ተላላነትን እንደሚናገር ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። «ሶሊሲቲዩድ» የሚለውንም፣ ሰው ስለ ወደደው ነገር ልቡ ሳያርፍ የሚያስበውን ጭንቀት የሚገልጸውን፣ እንዲሁ ያዝሁት። አባቶቻችን ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ያሉት ለዚህ ነው፤ ጠጅን በመዳፍ አይሰጡም።

የአያቴም ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ ይሄድ እንደ ነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአንድምታ ጉባኤ መምህሩ ንባቡን ያነባል፤ ይተረጕማል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ያንኑ ቃል በልዩ ልዩ ትርጓሜ ያገላብጠዋል። ቃሉ ከንባቡ ተነጥሎ ብቻውን አይቆምም። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ሆንሁ ብዬ የአያቴን ዘዴ ስንቅ ነበር፤ የሸፈተው ግን የእኔ ማስመሪያ እንጂ የእርሳቸው ጉባኤ አልነበረም።

ራሴላስን ወደ አገሩ የመለሰው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው። በኦክስፎርድ ተምሮ የተመለሰው ይህ ሰው፣ የጆንሰንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሶ በ1939 ዓ.ም. እንዲታተም አድርጓል። ሎቦ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የወሰደው ወሬ በጆንሰን እጅ ልብ ወለድ ሆኖ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በኢትዮጵያዊ ብዕር ወደ አማርኛ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ትርጕም ያገኘሁት መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ ዘርግቼ ያነበብሁባቸውን ሌሊቶች ለማንም ትምህርት ቤት አልለውጣቸውም። ተርጓሚ የሆነ ሰው ከባድ ቃል ሲያጋጥመው እንደ ተማሪ ዘሎ ሊያልፍ አይችልም፤ አንድ በአንድ ይታገለዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ትግል ያየሁት በነቢይ መኮንን ታሪክ ነው። ገጣሚው ነቢይ በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ያሳተመችው ከአንድ ሺህ ገጽ የሚበልጥ ልብ ወለድ እጁ ገባ። ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ ትርጕሙን በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚደርሰው ያ ቍራጭ ወረቀት በየጊዜው እየተደበቀ ከእስር ቤቱ ወጣ፤ በመጨረሻም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በዚያ ስፍራ ሞግዚት መምህር፣ የዓርብ ፈተናም አልነበረም። የነበረው ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሚጓጓ እስረኛ ነው። ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደምለው፣ አንድ ሰው በሲጋራ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ከሠራ፣ እኔ ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ይዤ ምን ሠራሁ?

ዳኛቸው ወርቁም በአማርኛ «አደፍርስ»ን ከጻፈ በኋላ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን የታተመ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች የቃል ዝርዝር አጥንተው እዚያ ደረሱ የሚለኝ ቢኖር አላምነውም።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። በኮተቤ ዲፕሎማዬን ይዤ በ1972 ዓ.ም. መምህር ሆንሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርሁ። ራሴላስን አንብቤ፣ የሆነልኝን ዐውቄ ሳለ፣ ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ምንድር ነው? ሰኞ ሰኞ ሃያ ቃል። ምክንያት አላጣም ነበር፤ በአንድ ክፍል ሰማንያና ከዚያ በላይ ተማሪ፣ ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድማ ጭራሽ የለም። ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ይቀላል፤ ለማረም ይቀላል፤ ያስተማርሁ ያስመስላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በሣምንት አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ቆሜ አንድ ታሪክ ላነብላቸው እችል ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍና አንድ ጕሮሮ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ነበሩኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች በሚደርሰው ባቡር ተሳፍሬ ወደ መገናኛ ስሄድ፣ ጠጕሩ የሸበተ አንድ ሰው ወንበሩን ለቀቀልኝና፣ «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። አላወቅሁትም። እርሱ ግን ፈገግ ብሎ በሰልፍ መቍጠር ጀመረ፤ «አባንደን፣ አባሽ፣ አቤት፣ አብሆር፣ አብሶልቭ…» አለና እስከ ሃያኛው ደረሰ። ቅደም ተከተሉ ሳይቀር የእኔ ዝርዝር ነው። ተሳፋሪው ይስቃል። «አቤት» ላይ ሲደርስ ዐወቅሁት።

«አቤት» በእንግሊዝኛ ሰውን በክፋት ላይ ማገዝ ነው። በአማርኛ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ያን ጊዜ እኔ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቃሉን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠራ፣ ይህ ሰው ልጅ ሆኖ ከኋላ መቀመጫ ሆኖ «አቤት!» ሲል መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተሳለቀብኝ ብዬ መዳፉን መታሁት፤ ከዚያም እስከ ምሳ ሰዓት በፀሐይ ላይ አቆምሁት። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ክፍል ሁሉ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሰማው እርሱ ብቻ ነበር። ቅኔ ቢሆን ኖሮ አያቴ ይሸልሙት ነበር።

«አሁን ምን ትሠራለህ?» አልሁት። እዚሁ አያት አጠገብ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው። «እንግሊዝኛውስ?» አልሁት። «ሃያውን ቃል እንዳልረሳሁ አዩ አይደል?» ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎም ሳይስቅ፣ «ግን ቲቸር፣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንኳ አንብቤ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ እንግሊዝኛ ሲነሣ ዝም ማለት ለመድሁ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለ፤ የረሳ ሰው ግን ሃያውን በተራ አይቈጥርም። መገናኛ ደርሼ ስወርድ የምሄድበትን ጉዳይ ረስቼ ጣቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን ልጁን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አብሮን እንዲያነብ ላከልኝ። ሁለት ቅዳሜ መጥቶ ቀረ። ራሴላስ ምክር ይበዛበታል፤ ኳስ የሚወድ ልጅ ጠቢባን ሲከራከሩ መስማት ሊሰለቸው ይችላል። አልፈረድሁበትም፤ ሌላ መጽሐፍ፣ ምናልባት ባሕርና ወንበዴ ያለበት፣ እየፈለግሁለት ነው። ለሁሉ የሚሆን አንድ መጽሐፍ የለም፤ ይህንም አለማወቅ ሌላው የዝርዝር ጠባይ ነው።

የልጄ ልጅ ግን ቀጥላለች። ከኅዳር ጀምሮ በየማታው አንድ ምዕራፍ እናነባለን፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ሁሉም አርባ ዘጠኝ ነው። ደንባችን ቀላል ነው። በመጀመሪያው ንባብ መዝገበ ቃላት አይከፈትም፤ ያልታወቀው ቃል በእርሳስ ብቻ ይሰመርበታል። ምዕራፉ ሲያልቅ ታሪኩን በአማርኛ ትነግረኛለች። ከዚያ ያሰመረችበትን ቃል ከጎረቤቶቹ ተነሥታ ትገምታለች፤ መዝገበ ቃላቱ የሚከፈተው በመጨረሻ፣ እንደ ዳኛ ነው። ብዙ ጊዜ ይፈርድላታል። የምትከራከርበትም ነገር አለ፤ «አባባ፣ ኔካያህና ፔኩዋህ የየት አገር ሐበሻ ስም ነው?» ትለኛለች፤ እኔም ለጆንሰን ጠበቃ ሆኜ መልስ አጣለሁ።

ሥጋት አይደለም ቀላል ነገር። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ሆኑ ሰምተናል። የዚያ ሁሉ ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምል ሞኝ አይደለሁም፤ ነገር ግን የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን ያላነበበ ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? በስልኳ ያለውንም ዝርዝር አልከለከልኋትም። ያነበበችውን ቃል ለማስታወስ ዝርዝር ይረዳታል፤ ያላነበበችውን ግን አይሰጣትም።

ባለፈው እሑድ ማታ ልታነብ ስትቀመጥ፣ ምሳ በደንብ መብላቷን፣ የመፈተኛ ካርዷ የት እንዳለ፣ ሹራብ መልበሷን፣ ለማግሥቱ ማንቂያ መሙላቷን ደጋግሜ ጠየቅኋት። እርሳሱን ከመጽሐፉ ላይ ሳታነሣ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «አባባ፣ ዛሬስ ሶሊሲቲዩድ አበዙ» አለችኝ።

ከየት አመጣሽው አላልኋትም። ሻይ ቀዳችልኝና ፔኩዋህ የምትጠለፍበትን ምዕራፍ ጀመርን።